አሥራ አራት ሴኮንድ በር ላይ

ሰኞ፣ ግንቦት 3። ከቀኑ 9፡20

አርባ አንድ «ማለት ነው» በአንዲት ሴት የሃያ ስምንት ደቂቃ ንግግር ውስጥ። ሠላሳ ስምንቱን ቆረጥኩ። ሦስቱን ተውኩላት፣ ራሷ መሆኗ እንዲታወቅ። የውኃ ወረፋው ዝግጅት በዚህ አለቀ። የምሠራው ቬንትሌተሩን አጥፍቼ ነው፤ ማዳመጫ ባደርግም ድምፁ ሾልኮ ይገባል። ፎጣ አንገቴ ላይ። ለዛሬ ሁለተኛው ፎጣ ነው።

ደብተሬ፣ አንተ የተገዛኸው ለትምህርት ዕቅድ ነበር። «ዓላማ»፣ «የማስተማሪያ ዘዴ»፣ «ምዘና» የሚሉት ዓምዶችህ አሁንም አሉ። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ፣ በላያቸው እጽፋለሁ። ይቅር በለኝ።

ዛሬም ገረመኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር የድምፅን ሞገድ በጠመኔ ስዬአለሁ። ሁሌ አንድ ዓይነት፤ ኮረብታና ሸለቆ፣ ኮረብታና ሸለቆ። እውነተኛውን አይቼው አላውቅም ነበር። አሁን ከሬዲዮ ጣቢያው በተዋስኩት ላፕቶፕ ላይ የሰው ንግግር ተጋድሞ አየዋለሁ። «በ» ግድግዳ ነው። «ሸ» ነፋስ የመታው ሣር። ሳቅን ገና ሳልሰማው ከቅርጹ አውቀዋለሁ። ቀጥ ብሎ የተኛው መስመር ደግሞ ዝምታ ነው። ዜሮ። ቆርጦ መጣል።

ሰሚራ ደወለች። የ«ቀትር» አቅራቢ፣ የቀድሞ ተማሪዬ። «ቀትር» የባህልና የፖለቲካ ዝግጅታችን ነው። ቅዳሜ 8 ሰዓት፣ ከተማው ከሙቀት ሸሽቶ ጋደም ሲል፣ በሬዲዮ ይተላለፋል፤ ከዚያ ፖድካስት ሆኖ በየስልኩ ይገባል። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። የሚቀጥለው ርዕስ የሠፈራችን ዕድር ጡሩምባ ነፊ ነው አለች። ጋሽ አብዶሽ።

ቲቸር፣ መስመሩ ተቋረጠ እንዴ አለች።

አልተቋረጠም። የዕድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። «አቶ አብዶሽ በክብር ተሰናብተው፣ ሞት ከእንግዲህ በስልክ መልእክት ይነገር» የሚለው ሐሳብ የተጻፈው በእኔ እጅ ነው። ጠ/ጉባኤው እሁድ ግንቦት 23 ድምፅ ይሰጥበታል። ዝግጅቱ የሚተላለፈው ደግሞ በዋዜማው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4። ከጠዋቱ 4፡30

ጣቢያው። ለዋና አዘጋጁ ተናገርኩ፤ ሐሳቡ የእኔ ነው፣ ይሄን ዝግጅት ሌላ ሰው ያዘጋጀው። ሌላ ሰው የለም አለ። እውነቱን ነው። ቀጥሎ ሰሚራን ያዛት፤ ዕድር ከመቼ ወዲህ ነው ፖለቲካ የሆነው። ሞትን ማን ቀድሞ ይሰማል፣ ማን ሳይነገረው ይቀራል፣ ይሄንንስ የሚወስነው ማነው፣ ፖለቲካ ካልተባለ ምን ይባላል አለችው። አሥረኛ ክፍልም እንዲሁ ነበረች። አዘጋጁ ሻዩን ጠጣ።

ተስማማን። የምትጠይቀው እሷ ብቻ ናት። እኔ አፌን አልከፍትም። ሐሳቡን ግን በዝግጅቱ ላይ በራሴ ድምፅ አነበዋለሁ፣ ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ። ተገቢ ነው።

ምክንያት አለኝ፣ ደብተሬ። ከአባላቱ ግማሹ ቤት ቀይረው ሳቢያን ሠፈር ገብተዋል። ጡሩምባው እዚያ አይደርስም። ቀብር ካለቀ በኋላ የደረሱ አሉ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የድምፁ ኃይል ሩብ ይሆናል። ስንት ክፍል ውስጥ ጽፌዋለሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6። 11፡00

ጋሽ አብዶሽ ቤት ነበርን። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ጡሩምባው ነሐስ ነው፤ ባቡር ሲመጣ ጓደኞቹን ከሐዲዱ ላይ የሚያስነሣበት። ሥራው ሲያበቃ ይዞት ቀረ። ዕድሩም የባቡር ሠራተኞች ዕድር ነበር፣ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ድንኳን። የጡሩምባው አፍ ሳስቶ እንደ ወርቅ ያበራል። ከንፈር ነው የበላው። ትኩር ብዬ አየሁት።

ሰሚራ ለመቅጃው አንዴ ብቻ ንፋልን አለችው።

«ዋሪያ፣ ማንን ልግደልልሽ?» አላት።

ቀስ ብለህ፣ እዚሁ ቤት ውስጥ፣ ማንም አይሰማም ብላ ለመነችው።

«አቦ፣ ይሄ ሙዚቃ አይደለም። ይሄ ከተነፋ ሰው ሞቷል። ካልሞተ እኔ ውሸታም ነኝ።» ከዚያ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «ቲቸር ሞተ ልበል? እሱ በወረቀት ገድሎኝ የለ? እኩል እንሆናለን።»

ሰሚራ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ዘግይቼ።

እንግዲህ መጠበቅ ነው። መጠበቅ ሙያዬ ነው። አንድ ተማሪ የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ እስኪገባው አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት ጠብቄ አውቃለሁ። አሁን የምጠብቀው ምን እንደሆነ ሳስበው ግን ብዕሩን አስቀመጥኩ።

ሰኞ፣ ግንቦት 10። ከምሽቱ 12፡15

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

7፡10። ጋሽ አብዶሽ ቤት፣ ቃለ መጠይቅ። ይሄን ሰዓት የመረጥነው ከተማው ስለሚተኛ ነው፤ ባጃጁ እንኳ ጥላ ፈልጎ ይቆማል። ቬንትሌተር ጠፋ። በር ተዘጋ። ሦስታችንም በላብ ተነከርን። ለአረፋ የተገዙት ፍየሎች በየግቢው ይጮኻሉ። ሁለቴ አቁመን ጠበቅናቸው። ሰሚራ ስለ ጠ/ጉባኤው ጠየቀችው። ከወሰኑ እሺ ነው አለ። ከዚያ ጠዋት ስነሣ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም አለ።

7፡35። በር ተንኳኳ። ነጂባ ናት፣ የወ/ሮ አሚና ልጅ። ወ/ሮ አሚና በት/ቤታችን በር ላይ ስንት ዓመት ሳምቡሳ ሸጠች፤ እኔም፣ ሰሚራም፣ ዋና አዘጋጁም በልተናል። ነጂባ «እናቴ» ብላ የበሩን መቃን ያዘች። ጋሽ አብዶሽ የጠየቃት ሰዓቱን ብቻ ነው። ተነሣ። ፊቱን ታጠበ። ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። ቀብሩ ዛሬውኑ ነው፣ ከአስር ሶላት በኋላ። ጡሩምባውን ይዞ በሩ ላይ ዞረና፣ ተከተለኝ፣ አትቅደመኝ፣ አትናገር አለኝ። ሰሚራ መቅጃውን ሰጥታኝ ከነጂባ ጋር ቀረች።

ሦስት ጊዜ ነፋ።

ደብተሬ፣ ምን ልበልህ። የመጀመሪያው ከመሬት ውስጥ የወጣ ይመስላል። ነፋስ የለም። ሰማዩ ነጭ ነው። ድምፁ መንገዱን ሞልቶ ሄደ፣ ከመጨረሻው ግንብ ተመለሰ፣ በእኛ በኩል አለፈ። የገደል ማሚቶን በየዓመቱ አስተምሬአለሁ። ፀጉሬ ሲቆም ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው። ፍየሎቹ ዝም አሉ።

ከዚያ በየበሩ። በር ላይ ጡሩምባ የለም። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ልክ ለአንድ ሰው እንደሚነግር። አሚና የሳምቡሳዋ፣ የነጂባ እናት፣ ወደ ጌታዋ ሄዳለች፤ ከአስር በኋላ እንሸኛታለን። አንዱ በር በአማርኛ፣ የሚቀጥለው በኦሮምኛ፣ ሰማያዊው በር በሶማሊኛ። ቆም ብሎ አያስብም። እግሩ ነው የሚያውቀው። ተናግሮ ይቆማል፣ ከዚያ ይሄዳል። የእኔ ዓይን የመቅጃው መብራት ላይ ነው፣ ድምፁ በዝቶ ቀይ እንዳይሆን። የት እንደምረግጥ እንኳ አላየሁም።

ሃምሳ ሁለት ደቂቃ። ሠላሳ ሰባት በር። ሁሉም ተቀድቷል። ከቀብር መልስ ነው የምጽፍልህ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12። 10፡40

52 ደ. ወደ 9 ደ. መውረድ አለበት። ዘዴዬ ግልጽ ነው፤ ከሦስት ሴኮንድ የረዘመ ዝምታ ይቆረጣል። በየበሩ ተናግሮ የቆመበት ቦታ ሁሉ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ረጅሙ አሥራ አራት ሰ. ነው፤ መጀመሪያ የጣልኩት እሱን። ከዚያ ሁሉንም በተራ። የእግር ጉዞውንም አሳጠርኩ። ድግግሞሹንም። አሁን ልቅም ያለ ነው። የፈተና ወረቀት አርሜ ስጨርስ የሚሰማኝ ዓይነት ደስታ።

ለሰሚራ ላክሁላት። እንደ ውኃ ይፈሳል ቲቸር አለች።

ዓርብ፣ ግንቦት 14። 11፡30

መጀመሪያ ነጂባ ዘንድ። ያለ ፈቃዷ አይተላለፍም። አሰማኋት። አላለቀሰችም። እናቴ ሬዲዮ ሳታበራ ሊጥ አቡክታ አታውቅም፣ አሰሙላት አለች፤ ሊጡ አሁንም እየተቦካ ያለ ይመስል። ስሟን ብቻ እንዳትቆርጡ። አልቆርጥም አልኳት።

ቀጥሎ ጋሽ አብዶሽ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግሁለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ዘጠኙን ደቂቃ ሙሉ። ሲያበቃ ማዳመጫውን ራሱ አወለቀ።

«ይሄን ሰውዬ ማነው የሚያባርረው?»

ያንተው ድምፅ ነው እኮ አልኩት።

«ድምፁ የእኔ ነው። ሰውዬው ግን እኔ አይደለሁም። መቆሚያው የታል?»

ዝምታ ነው፣ ምንም የለበትም፣ ቆርጬዋለሁ አልኩ። ተማሪ ሥራውን ሲያቀርብ እንደሚናገረው ዓይነት ተናገርኩ።

ዓይኑን ገለጠ። «ቲቸር፣ እኔ በር ላይ የምቆመው ለምን ይመስልሃል? ደክሞኝ?»

አሥር ዓመት ሆነኝ የዕድሩ ጸሐፊ ከሆንኩ። ሐሳቡን ስጽፍ ስለ ጡሩምባው ጽፌአለሁ፣ ስለ ርቀቱ ጽፌአለሁ። ይሄን ጠይቄው አላውቅም። እንዲነግረኝ ጠበቅሁ። ቅጂው አለህ አይደል፣ ሂድና ስማው አለኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15። 9፡00

ያልተቆረጠውን ከፈትኩ። የመጀመሪያው በር። ተናገረ፣ ቆመ። ቀጥ ያለው መስመር። ማጉያውን እስከ መጨረሻው ገፋሁት። ትንፋሼን ያዝኩ።

መወርወሪያ ተሳበ።

ከዚያ ነው የተራመደው።

ሁለተኛው በር። ቬንትሌተር ሲጠፋ፤ ክክክ እያለ፣ እየዘገየ፣ እስኪቆም። ውስጥ ያለ ሰው ሊሰማ አጠፋው። ቀጥሎ ነጠላ ጫማ በሲሚንቶ ላይ። ከዚያ ተራመደ። ሦስተኛው፤ «ኢና ሊላሂ»፣ በሹክሹክታ፣ የወንድ። አራተኛው ላይ ምንም የለም አልኩ፣ መልሼ ሰማሁት፣ ብረት ድስት ወለል ላይ ሲቀመጥ ነው። አምስተኛው ላይ አንዲት ሴት ትናንት እኮ ቆማ ነበር ትላለች፤ ለማንም አይደለም የምትለው። ሰማያዊው በር ጋ ልጅ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ሰው አፉን ይይዘዋል። ይሰማል፣ ደብተሬ። እጅ አፍ ሲይዝ ይሰማል።

ከቀኑ 7 እስከ 9 ተቀመጥኩ። ፎጣውን ረሳሁት። ሠላሳ ስድስት በር ፈተሽኩ። አንድ ጊዜ እንኳ መልስ ሳያገኝ አልተራመደም። በር፣ እግር፣ ሳል፣ ምንም ይሁን፣ ከውስጥ ሰው ሰማሁ እስኪለው ይቆማል። ከዚያ ብቻ።

ዜሮ አይደለም። ዜሮ ብዬ የጣልኩት ሁሉ ሰው ነበረበት። ሠፈሩ በሙሉ እዚያ መስመር ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ እኔ በመቀስ።

የስልኩ መልእክት ይሄዳል። ይሄ ግን ሄዶ፣ ቆሞ፣ መልስ ተቀብሎ ነው የሚያልፈው። ሐሳቡን ስጽፍ ይሄን አላወቅሁም። አላወቅሁም ማለት ለአስተማሪ ደስ አይልም።

እሁድ፣ ግንቦት 16። 10፡10

አንድ በር ቀርቶኛል። አሥራ አራት ሰ. የቆመበት። የመጀመሪያ መቀሴ ያረፈበት።

ሰማሁት። በር አይከፈትም። እግር የለም። ሳል የለም። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። የራሱ ትንፋሽ ብቻ። ስምንት ላይ አንድ ትንሽ ድምፅ፤ ቋ። አሥራ አንድ ላይ፤ ቋ። ከላይ ነው፣ ቆርቆሮ። ብረት በሙቀት ሲሰፋ ሚስማሩ ካላጠበቀው እንዲህ ይላል። ዘጠነኛ ክፍል፣ ምዕራፍ አምስት።

መልሼ ሰማሁት። ቋ።

ማዳመጫውን አወለቅሁ። ቋ አለ። ከጣሪያዬ።

ስንት ዓመት ነው ሚስማር እመታበታለሁ ያልኩት ቆርቆሮ። የእኔ በር ነው። መቅጃ ይዤ ከኋላው ቆሜ፣ ዓይኔ መብራቱ ላይ፣ የራሴን በር አላየሁትም።

ሰኞ፣ ግንቦት 17። 5፡00

ሄጄ ጠየቅሁት። ቤቱ ባዶ እንደሆነ ታውቃለህ፣ ያለሁት ከኋላህ ነው፣ ታዲያ ለምን ቆምክ።

ጡሩምባውን በጨርቅ ይወለውል ነበር። መወልወሉን አላቆመም።

«አልማዝ ቀድማ ትከፍት ነበር» አለ። «ከሠፈሩ ሁሉ ቀድማ። ገና ሳልናገር። ማነው አብዶሽ ትለኛለች። አንተ ተኝተህ ነው።»

ሚስቴ ካረፈች ሰባት ዓመቷ ነው። የሷንም የለፈፈው እሱ ነው። እንደምትከፍትለት አላውቅም ነበር። በየቀትሩ አጠገቧ ተኝቼ።

ከዚያ ወዲህስ አልኩት።

«ከዚያ ወዲህ አንተ በመስኮት ትሰማለህ። መጋረጃው ሲነቃነቅ አየዋለሁ። መጋረጃ ግን ድምፅ የለውም።»

የዚያን ቀን ግን መጋረጃም አልነበረም አልኩት።

«እግሬ ነው» አለ። ነሐሱን ወደ ብርሃን አነሣና አየው።

በእግሬ ነው የተመለስኩት። ባጃጁ ቆሞልኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ግንቦት 20። 8፡30

አዲሱ ዘዴ። 9 ደ. ውስጥ ሠላሳ ሰባት በር አይገባም። ስለዚህ አምስት በር፣ ምንም ሳይቆረጥ። የትኞቹ አምስት ለሚለው ከሰሚራ ጋር ተከራከርን። የእኔን በር አውጪው አልኳት። ዳኛው አንተ አይደለህም ተባብለናል አለችኝ። ገባ።

ችግር፦ ጣቢያው ማሽን አለው። አሥር ሰ. ዝምታ ከሰማ ተበላሽቷል ብሎ በራሱ ሙዚቃ ይከፍታል። ዋና አዘጋጁ ከሥር ክራር እናድርግበት አለ። ሰሚራ፣ ጋሽ አብዶሽ ክራር ይዞ አይዞርም አለች። አዘጋጁ አሥራ አራት ሰ. በሬዲዮ ዘላለም ነው አለ። እኔም ከሁለት ሳምንት በፊት እንዲሁ እል ነበር። ማዳመጫውን ሰጠሁት። ማጉያውን ገፋሁለት። በሁለተኛው በር ላይ ቬንትሌተሩ ሲጠፋ ቀና ብሎ የራሱን ቬንትሌተር አየ። ከዚያ ለቴክኒሻኑ ለደረጀ ደወለ። ደረጀ፣ ማሽኑን ለግማሽ ሰዓት አጠፋለሁ፣ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ እውነተኛ ብልሽት ከመጣ በእጄ አለ።

አዘጋጁ ለእኔ ብቻ፤ የእናቴም ቤት ጋ ቆሞ ነበር እንዴ አለኝ። ሠላሳ ሁለተኛው በር ነው። አሰማሁት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 22። 10፡00

ቤት ሆኜ መስማት አልቻልኩም። 8 ሰዓት ሲሆን ወደ መንገድ ወጣሁ። ሙቀት ነው፣ መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው፣ ሬዲዮው በየመስኮቱ። ሰሚራ ሁለቴ ተናገረች፤ የምትሰሙት ጡሩምባ ያለፈ ነው፣ ዛሬ የሞተ የለም፣ ያኔ ያረፈችው ወ/ሮ አሚና ናት። ሐሳቡን ሳነብ ራሴን ሰማሁት። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል። ደብዳቤም ነው።

ጡሩምባው ሲነፋ ሁለት በሮች ተከፈቱ። ጎረቤቴ ወ/ሮ ጸዳለ ሊጥ በእጇ፤ ቲቸር፣ ልትገድለን ነው እንዴ፣ አስቀድማችሁ አትናገሩም አለችኝ። ሁለቴ ተናግረናል አልኳት። በሊጥ እጅ ማን ሬዲዮ ይጎረጉራል አለች። ግን አልተመለሰችም። በሩን ደገፍ ብላ ቆመች።

የእኔ በር ደረሰ። እግሬም በሬ ጋ ደርሶ ነበር። አስቤው አይደለም።

ዝም አለ። ከየመስኮቱ፣ ከሰማያዊው ቤት፣ ከወ/ሮ ጸዳለ፣ ከማዶው ልብስ ሰፊ፣ በአንድ ጊዜ ዝም አለ። የድምፅን ፍጥነት አስተምሬአለሁ። ዝምታ በአንድ ጊዜ በሁሉም ቤት ሲገባ ግን አይቼ አላውቅም። ስምንት ላይ ከሬዲዮዎቹ ሁሉ ቋ አለ። ወዲያው ከላዬ እውነተኛው ቋ አለ። ወ/ሮ ጸዳለ ወደ ጣሪያዬ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ። አልሳቀችም። ሊጧን ይዛ አሥራ አራቱን ቆመች።

ሙዚቃ አልገባም። ደረጀ ቃሉን ጠበቀ።

እሁድ፣ ግንቦት 23። 8፡00

ጠ/ጉባኤ። ሐሳቤን ለመሰረዝ ተነሣሁ። ሳልጨርስ የሳቢያን አባል፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ነው፣ እጁን አወጣ። ዝግጅቱን ሰማሁት፣ ቆንጆ ነው አለ። አጎቴ ሲቀበር ግን እኔ ማሽን ላይ ነበርኩ፤ ጋሽ አብዶሽ ሳቢያን መጥቶ በሬ ላይ አይቆምም። ትክክል ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ቃል በቃል አሰፈርኩት። ሙሉ በሙሉ መሰረዙም ስሕተት ነበር።

እዚያው ቆሜ አስተካከልኩ። ጡሩምባ ለማይደርሰው ሁሉ በስልክ፣ ወዲያው። ለሠፈሩ ግን በበር፣ ጋሽ አብዶሽ መዞር እስከቻለ ድረስ። ክርክር ሆነ። ሁለት ዓይነት አባል ልትፈጥር ነው ያለኝ አለ። አይደለም፣ ሁለት ዓይነት ርቀት ነው አልኩ። እጅ ቆጠርኩ። መልሼ ቆጠርኩ። በዘጠኝ እጅ ብልጫ አለፈ። ጋሽ አብዶሽ ራሱ እጁን አላወጣም፤ በራሴ ጉዳይ አልፈርድም አለ።

ስንወጣ ምስጋና ጠብቄ ነበር መሰለኝ። በአጠገቤ ሲያልፍ፣ ቲቸር ቆርቆሮህን ምታው፣ በሬዲዮ አዋረደህ አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሚስማር ገዛሁ። ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አልመታውም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 26። 7፡50

የሚቀጥለው ዝግጅት፤ የመልካ ጀብዱ ሽንኩርት ነጋዴዎችና የመንገዱ ኬላ። አንዱ ሰውዬ «እንግዲህ» ይላል፣ ሃያ ሁለት ጊዜ። እስካሁን የቆረጥኩት ሁለት ብቻ ነው፣ እነሱንም እየተጠራጠርኩ። «እንግዲህ» ባለ ቁጥር ትንፋሽ ይስባል፤ ከትንፋሹ በኋላ የሚመጣው ነው እውነተኛው

ጡሩምባ።

አንድ። ማዳመጫ አወለቅሁ። ሁለት። ከግንቡ ተመለሰ። ሦስት።

ከላይኛው መንገድ ነው የጀመረው። ከዚህ ይሰማኛል፣ ቬንትሌተሩ ጠፍቷል። የልብስ ሰፊው በር። ቆመ። ተከፈተ። የወ/ሮ ጸዳለ፣ ገና ሳይቆም ተከፈተ። ሰማያዊው በር፣ በሶማሊኛ። መወርወሪያው ይኸው።

እግሩ። ወደዚህ ነው። ጉልበቱ ያመዋል ዛሬ፣ አንዱን ይጎትታል።

በሬ ላይ ነው። ተናገረ። ስሙ አልተሰማኝም፣ መጋረጃው ይዞታል።

ቆሟል። አንድ። ሁለት። ደብተሬ፣ ቆየኝ፣ በሩን